ተባብሮ መሥራት፦ ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚቋቋም ማኅበር



በአገር ቤት ሰው ሲታመም ወይም ሲያረጅ ጎረቤት ይደርስለት፣ እድርም ይረዳው ነበር። በእስራኤልም ይህን ልማድ መተዳደሪያ ሥራ ማድረግ ይቻላል። በሠፈራችሁ አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ የሚናገሩ አረጋውያን ካሉ፣ ቋንቋቸውንና ምግባቸውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሥራውን በጋራ ለመጀመር ሁለት መንገዶች አሉ፦

1. የኅብረት ሥራ ማኅበር (አጉዳ ሺቱፊት)። በ1933 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ቢያንስ 7 አባላት ያስፈልጋሉ። ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፤ ትርፉንም በደንባቸው መሠረት ይካፈላሉ።

2. አሙታ። በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ለመመሥረት 2 ሰዎች ይበቃሉ። ለሠራተኞቹ ደመወዝ መክፈል ይችላል፤ ትርፍ ግን ለአባላት አያከፋፍልም።

ማስጠንቀቂያ፦ እድር በመተማመን ይቆማል። እዚህ ግን ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ማኅበሩን አስመዝግቡ። ማኅበሩ ሳይመዘገብ ውል የፈረመ ሰው ዕዳ ቢመጣ ራሱ ሊጠየቅ ይችላል። ያልገባችሁን የዕብራይስጥ ጽሑፍ አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።

በቅድሚያ በምትኖሩበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛን አነጋግሩ። ስትሄዱም የአባላቱን ስምና የምታስቡትን ሥራ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።