ሰውነትን ማጐልመስና የዘር ድርሻ

ብረት እያነሡ ጡንቻን ማጐልመስ በከተማ ወጣቶች ዘንድ የተወደደ ስፖርት ሆኗል። ለጤናም የሚበጅ ስለሆነ ነገሩ ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን አንዳንዶቹ ሥራውን የሚጀምሩት በሥዕል ያዩትን ሰው ለመምሰል ነው። ጥቂት ወራት ደክመው ሥዕሉን ሳይመስሉ ሲቀሩ ወይ ተስፋ ቈርጠው ስፖርቱን ይተዋሉ፤ ወይም ጡንቻን በፍጥነት ያሳድጋል የተባለውን መርፌ ይፈልጋሉ። ሁለቱም ጉዳት ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሰው ያለ መድኀኒት፥ በራሱ ድካም ብቻ ምን ያህል ጡንቻ ሊያገኝ እንደሚችልና ከወላጆቹ የወረሰው ነገር በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጡንቻ እንዴት ይጐለምሳል?

ጡንቻ የተሠራው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ነው። ሰው የሚከብደውን ነገር ደጋግሞ ሲያነሣ ክሮቹ ይጨነቃሉ፤ ኋላም በዕረፍት ጊዜ ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ፕሮቲን እየጨመረ ያወፍራቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው የጕልበት መጨመር ግን በአብዛኛው የነርቭ ሥራ ነው፤ ይኸውም ነርቮች ያለውን ጡንቻ በሚገባ ማዘዝ ስለሚማሩ ነው። ስለሆነም ጕልበቱ ጨምሮ ክንዱ ያልወፈረ ጀማሪ ድካሜ ከንቱ ሆነ ብሎ ማዘን አይገባውም።

ከዘር የሚወረሰው ምንድር ነው?

የአጥንት ውፍረትና የትከሻ ስፋት በአብዛኛው የውርስ ነገር ነው። ጡንቻው የሚያልቅበትና ጅማቱ የሚጀምርበት ቦታም እንዲሁ ነው፤ ባቱ አጭር፥ ጅማቱ ረጅም ሆኖ የተወለደ ሰው ምንም ያህል ቢሠራ ባቱን ወደ ታች ሊያስረዝመው አይችልም። ሰውነትም የጡንቻን ዕድገት የሚገታ ማዮስታቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1997 ይህ ንጥረ ነገር የሌላቸው አይጦች ከሌሎቹ ሁለትና ሦስት እጥፍ ጡንቻ እንዳላቸው ገለጡ። በ2004ም ማዮስታቲን የሌለው፥ ከተወለደ ጀምሮ ጡንቻው የዳበረ አንድ ሕፃን በጀርመን አገር መገኘቱ በሕክምና መጽሔት ተጻፈ። ይህ ግን እጅግ ብርቅ ነው። በሌላው ሰው ሁሉ ጂን ከሚባሉት የውርስ ቅንጣቶች ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ድርሻ አላቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ወደፊት ስንት ጡንቻ እንደሚኖረው አስቀድሞ በእርግጥ የሚናገር ምርመራ የለም።

አምስት ጣት እኩል አይደለም እንደሚባለው፥ በ2005 የታተመ ጥናት ልዩነቱን በቍጥር አሳይቷል። 585 ወንዶችና ሴቶች ለ12 ሳምንታት አንድ ዓይነት የክንድ ልምምድ አደረጉ። ከእነርሱ መካከል የክንድ ጡንቻው በ59 በመቶ ያደገለት ሲኖር፥ ምንም ያልጨመረም ነበር። በጕልበት ረገድ ደግሞ ከዜሮ እስከ 250 በመቶ የደረሰ ልዩነት ታየ። የምግብና የእንቅልፍ ሁኔታም ድርሻ ስለሚኖረው ይህ ሁሉ የዘር ሥራ ብቻ ነው አይባልም፤ ሆኖም እኩል የደከመ ሁሉ እኩል እንደማያገኝ ግልጽ ነው።

ወሰኑ እስከ የት ነው?

በ1995 የታተመ ጥናት 157 ወንድ ስፖርተኞችን መርምሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከእያንዳንዱ ሰው ክብደት የስቡን ክብደት ቀንሰው፥ የቀረውን ኪሎ ለቍመቱ በሜትር ካሬ አካፈሉት። ለምሳሌ ቍመቱ 1.70 ሜትር፥ ክብደቱ 70 ኪሎ፥ ከዚህም ውስጥ ስቡ 10 ኪሎ የሆነ ሰው 60 ለ2.89 ሲካፈል ቍጥሩ 21 ያህል ይሆናል። መድኀኒት ባልወሰዱት ዘንድ ከፍተኛው ቍጥር ወደ 25 ገደማ ሲሆን፥ ከወሰዱት ብዙዎቹ ይህን አልፈው ተገኙ። ለምሳሌ የጠቀስነው ሰው 25 ላይ ለመድረስ ስብ ያልሆነው ክብደቱ 72 ኪሎ መሆን አለበት፤ 12 ኪሎ መጨመር ደግሞ የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ ለብዙዎችም ጨርሶ የማይደረስበት ነው። ይህ ቍጥር ማንም የማያልፈው ግንብ ባይሆንም ጥሩ መለኪያ ነው።

ጥንት ይህን ስፖርት ያስፋፋው ኢዩጂን ሳንዶው ነበር። የሞተው በ1925 ሲሆን ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን በቤተ ሙከራ የተሠራው በ1935 ነው። ስለዚህ የሳንዶው ሰውነት ያለዚህ መርፌ ምን ሊገኝ እንደሚችል ምስክር ነው፤ እርሱም ቢሆን ከብዙ ሺህ ሰው አንዱ ነበር። በ1901 በሎንዶን ባዘጋጀው ውድድር ዳኞቹ የጡንቻውን ውፍረት ብቻ ሳይሆን የአካሉን ተመጣጣኝነት፥ የቆዳውን ሁኔታና ጤንነቱን ጭምር እንዲመለከቱ ተደርጎ ነበር። ይህ አስተያየት ዛሬም መልካም ነው።

ስለ መርፌው

በ1996 በታተመ ጥናት ለ10 ሳምንታት ቴስቶስቴሮን በብዛት እየተወጉ ምንም ልምምድ ያላደረጉ ወንዶች ስብ ያልሆነው ክብደታቸው በ3 ኪሎ ያህል ጨመረ። ያለ መድኀኒት ብረት ያነሡት ግን 2 ኪሎ ያህል ብቻ ጨመሩ። እንግዲህ ወጣቱ ራሱን የሚያስተያየው ከዚህ መርፌ ጋር ከሆነ ፉክክሩ ከመጀመሪያው የተዛባ ነው። ዋጋውም ከባድ ነው፤ የልብ ጡንቻ ይጐዳል፥ የደም ግፊት ይጨምራል፥ የወንድ ፍሬ ይሟሽሻል፥ መካንነት ይመጣል፥ ጡት ያብጣል። መርፌን ለብዙ ሰው መጠቀምም ኤች.አይ.ቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ/ እያንዳንዱን የሰውነት ክፍል በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሠራት፤ ክብደቱንም ጥቂት በጥቂት መጨመር።

2ኛ/ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን በቀን መመገብ። ለ60 ኪሎ ሰው 96 ግራም ይሆናል። ይህም ከእንቁላል፥ ከወተትና ከሥጋ፥ በጾም ወራት ከምስር፥ ከሽምብራና ከባቄላ ይገኛል።

3ኛ/ በሌሊት ከ7 ሰዓት ያላነሰ መተኛት።

4ኛ/ በየወሩ መጀመሪያ ክንድን፥ ደረትንና ወገብን በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቶ ከነሣው ክብደት ጋር በደብተር መጻፍ፤ የዛሬውንም ከራስ የቀድሞ ልክ ጋር እንጂ ከሌላ ሰው ሥዕል ጋር አለማስተያየት።

5ኛ/ መርፌውን የጀመረ ሰው ቢኖር ሳያፍር ወደ ሐኪም መሄድ። ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ቢሆን ይሻላል።

ከአባትና ከእናት የተወረሰውን አካል መለወጥ አይቻልም። ጡንቻው ብዙ ያልወፈረለት ሰውም ቢሆን ከዚህ ስፖርት የጠነከረ አጥንት፥ በደም ውስጥ የተስተካከለ ስኳርና በሽምግልና ዘመን ያለ ድጋፍ የመቆም ጕልበት ያገኛል። ይህ ጥቅም ወፍራም ክንድ ላላቸው ብቻ የተሰጠ አይደለም።