«በዋጋ አንጣላም» ሲሏችሁ

 

ፋርማሲ ተምራችሁ በየመድኃኒት ቤቱ ሰው እየተካችሁ ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ነው የዛሬው። ጃጁራ ያለ ባለ ፋርማሲ ባለሙያው ፈቃድ ሲወጣ ይደውላል፤ «ኑ ብቻ፣ በዋጋ አንጣላም» ይላችኋል። ይሉኝታ ይይዛችሁና ዝም ብላችሁ ትሄዳላችሁ። በኢጃራ ግን ሥራውም ክፍያውም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) መድየን ላይ ሲቀጠሩ ውሉ ስምንት ዓመት ነበር፤ አሥር ቢሞሉ ጭማሪው በራሳቸው ፈቃድ (ሱረቱል ቀሶስ፣ 27)። ነቢይ ያላፈሩበትን እኛ ለምን እናፍራለን?

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የቋሚውን የወር ደመወዝ ለሥራ ቀናቱ አካፍሉ፤ ከሆሳዕና የምትመላለሱ ከሆነ ትራንስፖርቱን ጨምሩ። ለቋሚው አሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፍልለታል፣ የዓመት ፈቃድም አለው። ለእናንተ ይህ የለም፤ ስለዚህ ከፍ አድርጋችሁ ብትጠይቁ ስግብግብነት አይደለም። ሰዓቱንና የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ ያዙ፤ የቴሌግራም መልእክትም ይበቃል።

«ከሽያጩ በመቶኛ ልስጣችሁ» የሚለውን ግን እኔ አልወድደውም። ጉንፋን ይዟት የመጣች እናት ሳያስፈልጋት አሞክሳሲሊን ብትገዛ ኪሳችሁ ይሞላል፤ ያኔ ለእሷ እውነቱን መንገር ይከብዳል።

የሙያ ፈቃዳችሁን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ እናንተ ሳትኖሩ በየወሩ ልክፈላችሁ የሚልም አለ። ያ ኢጃራ አይደለም፤ የሠራችሁት የለምና። በሌላ ጁምዓ እንመለስበታለን፣ ኢንሻአላህ።