የአምባሰል ጥቁር ድንጋይና የፓይሮክሲኖች ስም አሰጣጥ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅ ከተማን ሲያልፍ የአምባሰልን ገደሎች እንደ ደረጃ ተደራርበው ያያቸዋል። የገደሉ ደረጃዎች ከዛሬ 30 ሚልዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ከፈሰሰና ከረጋ ባዛልት የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ፣ የአገራችንን የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች «አሸንጌ» እና «መቅደላ» በሚሉ ሁለት ምድቦች ከፍሏቸው ነበር። የድንጋይ ምድብ ስሙን ከቦታ ሊወስድ ይችላል። በድንጋዩ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ስም ግን በኬሚስትሪና በአተሞች አደራደር ይወሰናል።

ፍሬው ጎላ ያለ ባዛልት ሰብረን በአጉሊ መነጽር ብንመለከት፣ ከነጣው ፕላጂዮክሌዝ አጠገብ የምናየው ጥቁር ፍሬ ብዙውን ጊዜ ፓይሮክሲን ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1796 ያወጣው ፈረንሳዊው አዩይ ሲሆን፣ በግሪክኛ «ለእሳት ባዕድ» ማለት ነው። አዩይ ፍሬዎቹ በእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ውስጥ በአጋጣሚ የገቡ መስለውት ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ከራሱ ከቅላጩ የተወለዱ የእሳት ልጆች ናቸው፤ የተሳሳተው ስም ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ፓይሮክሲኖችን አንድ ቤተሰብ የሚያደርጋቸው የሲሊኬት ሰንሰለታቸው ነው። እያንዳንዱ ሲሊከን በአራት ኦክስጅኖች የተከበበ ሲሆን፣ ከአራቱ ሁለቱን ከጎረቤቶቹ ጋር ይጋራል። በዚህም ነጠላ ሰንሰለት ይፈጠራል፤ ለአንድ ሲሊከን ሦስት ኦክስጅን ይደርሰዋል። አምፊቦሎች ግን ድርብ ሰንሰለት አላቸው። ልዩነቱ በእጅ ናሙና ላይም ይታያል፦ ፓይሮክሲን የሚሰነጠቅባቸው ሁለት ገጾች በ87 እና በ93 ዲግሪ ይገናኛሉ፤ የአምፊቦል ግን በ56 እና በ124 ዲግሪ።

በሰንሰለቶቹ መካከል ጠባብና ሰፊ ክፍሎች አሉ። በጠባቡ ማግኒዥየም፣ ብረት ወይም አሉሚንየም ይቀመጣል። በሰፊው ደግሞ ካልሲየም ወይም ሶዲየም፣ አንዳንዴም ማግኒዥየምና ብረት ይገባሉ። ሊትየም ሲገባ ስፖዱሚን ይሆናል፤ በጉጂ ቀንጢቻ የሚገኘው የሊትየም ማዕድን ይኸው ነው። ከአምባሰል ባዛልት ጋር ዘመድ መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን?

ቀደም ባሉት ዘመናት ተመራማሪዎች ትንሽ የቅንብር ለውጥ ባዩ ቁጥር አዲስ ስም ያወጡ ስለነበር ስሞቹ ከልክ በላይ በዝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓናዊው ኖቡዎ ሞሪሞቶ የመሩት የዓለም አቀፍ የማዕድን ጥናት ማኅበር ኮሚቴ 20 ስሞችን አጽድቆ 105 ስሞችን ሰረዘ። መሠረታዊ ሕጉ ክፍሉን ከግማሽ በላይ የያዘው አተም ስሙን ይወስናል የሚል ነው።

በባዛልት ውስጥ የተለመዱት ግን በሦስት ብረታማ አተሞች ድርሻ ይለያሉ። ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ብረትን ደምረን 100 ብንላቸው፣ ካልሲየም ከ5 በታች ሲሆን እንደ ማግኒዥየሙና እንደ ብረቱ ብልጫ ኤንስታታይት ወይም ፌሮሲላይት ይባላል። ከ5 እስከ 20 ፒጂዮናይት፣ ከ20 እስከ 45 አውጋይት ነው። ከ45 በላይ ማግኒዥየም ከበለጠ ዳዮፕሳይድ፣ ብረት ከበለጠ ሄደንበርጋይት ይሆናል። ለምሳሌ 38 ካልሲየም፣ 44 ማግኒዥየምና 18 ብረት ያለው ፍሬ አውጋይት ነው።

ይህ ለወሎ ድንጋዮች ጥናት ትልቅ ፋይዳ አለው። በሰሜን ምዕራብ አምባ ምሥራቃዊ ክፍል ያሉ ባዛልቶች ከምዕራቦቹ ይልቅ ታይታንየም ይበዛባቸዋል። በቀደሙት ጽሑፎች «ታይታናውጋይት» የሚለውን ስም ያየ ተማሪ ራሱን የቻለ ማዕድን ሊመስለው ይችላል፤ ዛሬ ግን ታይታንየም ያለበት አውጋይት ብቻ ነው። «ሃይፐርስቲን»ም እንዲሁ ተሰርዟል፤ እንደ ቅንብሩ ኤንስታታይት ወይም ፌሮሲላይት ተብሎ መነበብ አለበት። ይህን ሳያውቅ የድሮና የአዲስ ጥናት የሚያነጻጽር ሰው፣ አንዱን ማዕድን ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

ዓይንና መዶሻ ይህን ሁሉ አይለዩም፤ የኬሚካል ምርመራ ያስፈልጋል። ስለዚህ በአምባሰል ገደል ሥር ናሙና የሚሰበስብ ተማሪ ማስታወሻው ላይ «ፓይሮክሲን» ብሎ ይጻፍና፣ የዝርያውን ስም ቦታ የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ክፍት ይተወው።