ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ መሬቱ ሲወርድ ቤታቸው የነበሩ አይደሉም። ጎረቤት ተቀበረ ሲባል ሮጠው የደረሱ ነዋሪዎች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። እነሱ ሲቆፍሩ ከላይ የቀረው መሬት ተከትሎ ወረደባቸው።

ሁለተኛው ናዳ ዱብ ዕዳ ይምሰል እንጂ ምክንያት አለው። ተዳፋት ላይ ያለ አፈር ከበታቹ ያለው ይደግፈዋል። የታችኛው ሲሄድ የላይኛው ድጋፍ አጥቶ ቀጥ ያለ ገደል ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ውሃ አለ። ብዙ ሰው ውሃ አፈሩን ስለሚያሟልጨው የሚንሸራተት ይመስለዋል፤ ዋናው ጉዳይ ግን ግፊት ነው። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሲሞላ ውሃው ቅንጣቶቹን እየገፋ ከላይ ካለው ክብደት ከፊሉን ይሸከማል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚጫኑበት ኃይል ሲቀንስ ሰበቃቸውም አብሮ ይቀንሳል። ውሃው ወደ ጥልቁ ለመስረግ ጊዜ ስለሚወስድ ዝናቡ ካባራ በኋላም መሬት ሊሄድ ይችላል።

የተዳፋት ክትትል ማለት እንግዲህ ይህን ለውጥ መሬቱ ሳይወርድ መያዝ ነው። ትንሹ መሣሪያ ሁለት ካስማ ነው፤ አንዱ ተዳፋቱ ላይ ከታየው ስንጥቅ በላይ፣ ሌላው በታች። በየካስማው አናት ሚስማር ይመታና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከሚስማር እስከ ሚስማር በሜትር ይለካል። ሚስማሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ መለኪያው በየቀኑ ከአንድ ነጥብ ካልተነሳ የምንፈልጋቸው ሚሊ ሜትሮች በስህተቱ ይዋጣሉ።

ከስንጥቁ ስፋት ይልቅ የሚያስፈራው ፍጥነቱ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ፉኩዞኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው ስሌት 1ን ለዕለቱ ፍጥነት ማካፈል ነው። ስንጥቁ ዛሬ 4 ሚሊ ሜትር፣ ነገ 5፣ ከነገ ወዲያ 6.7 ቢከፈት ውጤቱ 0.25፣ 0.20፣ 0.15 ይሆናል። በየቀኑ 0.05 እየቀነሰ ነውና ከሦስተኛው ልኬት ሦስት ቀን በኋላ ዜሮ ይገባል። መሬቱ የሚወርደው በዚያ ሰሞን ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ዝናብ ያጣምመዋል።

ከስዊዘርላንዷ መንደር ብሪየንዝ በላይ ያለው ተዳፋት በራዳርና በጂፒኤስ ይጠበቅ ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር ነዋሪዎቹ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. እንዲወጡ ተደረገ፤ በሰኔ አጋማሽ ሌሊት ናዳው ወርዶ መንደሯ ጫፍ ላይ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። ሴንቲነል 1 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይትም በዓመት ሴንቲ ሜትሮች የሚጓዝን ተዳፋት ከሰማይ ይለያል፤ ግን ያንኑ ቦታ መልሶ የሚያየው ከቀናት በኋላ ነው። የትኛው ተራራ ካስማ እንደሚያስፈልገው ይጠቁማል እንጂ ዛሬ ማታ ውጡ አይልም።

በኃይለኛ ዝናብ ድንገት የሚሄደው ስስ አፈር ደግሞ ለካስማም ጊዜ አይሰጥም። እዚያ የሚያዋጣው ዝናብ መለኪያ ነው፤ የአካባቢውን የቀደሙ ናዳዎች ያመጣው መጠን ሲደርስ ሰው ማስወጣት። ናዳ ከወረደ በኋላ ግን በቁፋሮው ሁሉም ሰው መሰማራት የለበትም። አንድ ሰው ከጎን፣ ገደሉ በሚታይበትና ናዳው በማይደርስበት ቦታ ቆሞ የላይኛውን ስንጥቅ ይጠብቅ። ፊሽካ ይያዝ፤ ቆፋሪዎቹም በየት በኩል እንደሚሸሹ ቀድመው ይስማሙ።