ጥቁር ከረንትና የጋምቤላ አገር በቀል ፍሬዎች፦ ተክልን ከማላመድ በፊት ሊታይ የሚገባው

መግቢያ

ጥቁር ከረንት በሰሜን አውሮፓና በሰሜን እስያ ቀዝቃዛ አካባቢዎች የሚበቅል፣ ቁመቱ ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው። ጎምዛዛ ጥቁር ፍሬው በ100 ግራም 180 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይይዛል፤ ይህም ከብርቱካን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብርቱካን ጭነት በተስተጓጎለ ጊዜ ብሪታንያ ይህንኑ ፍሬ በስፋት አልምታ ሽሮፑን ለሕፃናት አድላለች። ይህ ታሪክ ቁጥቋጦውን ወደ ጋምቤላ ለማስገባት የሚጋብዝ ይመስላል፤ የተክሉ ባሕርይ ግን አይፈቅድም።

የአየር ንብረት ገደብ

የጥቁር ከረንት እንቡጥ በቅዝቃዜ ወራት ያርፋል። ከዕረፍቱ ወጥቶ በወጉ ለማበብ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ቅዝቃዜ፣ በአብዛኞቹ ዝርያዎች ከ1,000 ሰዓት በላይ፣ ማግኘት ይኖርበታል። በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኘው የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ በመሆኗ ሌሊቱ እንኳ ይህን ቅዝቃዜ አይሰጥም። የቅዝቃዜውን ጉድለት መስኖም ሆነ ማዳበሪያ አይተካውም።

የአካባቢው ፍሬዎች

በአንጻሩ ክልሉ የራሱ ፍሬዎች አሉት። በደኖ፣ በሱዳን ላሎብ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ፣ በኮትቻ አፈር ላይ ድርቅን ተቋቁሞ በበጋ ያፈራል። ሥጋው ይመጠጣል፤ ለጋ ቅጠሉ እህል ሲያጥር ተቀቅሎ ይበላል፤ ከፍሬው ውስጠኛ አስኳል ዘይት ይወጣል። ሮቃና ቁርቁራም እንዲሁ ይበላሉ። በኢትዮጵያ በዋናነት በጋምቤላ የሚገኘው የሺአ ዛፍ ደግሞ የዘሩ አስኳል ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። ጣፋጭ ፍሬውም የሚደርሰው በዝናቡ መግቢያ፣ የጎተራ እህል በሚሟጠጥበት ሰሞን ነው።

ሥጋቱም እዚህ ላይ ነው። ክልሉ ከ300,000 የሚበልጡ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስጠለለ በመሆኑ የማገዶና የከሰል ፍላጎቱ ከፍተኛ ነው፤ ለሰፋፊ እርሻ የሚደረገው ምንጣሮም ተጨማሪ ጫና ያሳድራል። ከዘር የበቀለ የሺአ ዛፍ ለማፍራት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በአንድ ቀን የተቆረጠ ዛፍ፣ ምትኩ ዛሬውኑ ቢተከል እንኳ፣ ለአሁኖቹ ሕፃናት ፍሬ አይደርስላቸውም።

ማጠቃለያ

የብሪታንያ ተሞክሮ የሚያስተምረው ቁጥቋጦውን መኮረጅን አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣው ሲቋረጥ በአገር አፈር የሚበቅለውን ፍሬ መመርመርንና ማልማትን ነው። በዚህ መሠረት ለጋምቤላ ሦስት ተግባራት ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል፦ የአገር በቀል ፍሬዎቹን የቫይታሚንና የቅባት መጠን በየወረዳው መለካት፣ መሬት ሲመነጠር ፍሬ ሰጪ ዛፎችን ለይቶ ማስቀረት፣ እንዲሁም የሺአን የጥበቃ ዘመን በእጅጉ የሚያሳጥረውን የማዳቀል ዘዴ፣ ማለትም ካፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ ወስዶ በችግኝ ላይ ማጣበቅን፣ በችግኝ ጣቢያዎች መሞከር።