ጽዋና ጋን፦ የቤት ጠላ በጽዋ ማኅበር ትስስር ውስጥ ያለው ድርሻ

የጽዋ ማኅበር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ በመድኃኔዓለም፣ በእመቤታችንና በቅዱሳን ስም የሚቋቋም ወርኃዊ ጉባኤ ነው። አባላቱ ሚካኤልን በ12፣ ማርያምን በ21፣ መድኃኔዓለምን በ27 እያሰቡ በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ይባርካል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። ይህ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ ከዕድርና ከዕቁብ ጋር ተሰልፎ እንደ መረዳጃ ተቋም ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን መጠጡ ነው፤ ጠላው በቤት መጠመቁ ለአባላቱ ትስስር ምን እንደሚያበረክት፣ ጠመቃው ሲቀርም ምን እንደሚለወጥ ይመረምራል።

ስያሜው ራሱ መነሻ ይሆናል። ማኅበሩ የተጠራው በማዕዱ ሳይሆን በጽዋው ነው። ማዕዱ ከወቅት ጋር ይለዋወጣል፤ በፍስክ ዶሮ ወጥ የሚቀርብበት ገበታ በጾም ወደ ሽሮና ምስር ይዞራል። ጠላ ግን ከእህል፣ ከጌሾና ከውኃ ስለሚዘጋጅ በጾምም በፍስክም ይቀርባል። ዓመቱን ሙሉ ሳይለወጥ አባላቱን የሚያገናኘው እንግዲህ መጠጡ ነው።

ጠላ በአንድ ጀንበር አይደርስም። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የጌሾ ዱቄትና ብቅል በውኃ ተበጥብጦ ይጠነሰሳል፤ ከቀናት በኋላ ቂጣ፣ የጌሾ እንጨትና ተጨማሪ ብቅል፣ ቀጥሎም እንኩሮ ገብቶበት ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻም ውኃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይታፈናል። ስለዚህ እንግዳው ከመጠጡ ጋር የቀናት ድካምን ይቀበላል። ፈረንሳዊው ምሁር ማርሴል ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. በታተመው ስለ ስጦታ በጻፈው ድርሰቱ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ የተያያዙ ግዴታዎች መሆናቸውን አመልክቷል። በጽዋ ማኅበር ግን መመለሱ ለአንድ ሰጪ ሳይሆን በዙር ለሁሉም ነው። 12 አባላት ያሉት ማኅበር በየወሩ ቢሰበሰብ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ አስተናጋጅ፣ 11 ጊዜ እንግዳ ይሆናል። በጉባኤው ፍጻሜ ተረኛው ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ሲወስድ ግዴታው በሁሉም ፊት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መስፋፋት ይህን ሥርዓት ፈትኖታል። ጋን ማኖሪያ ጓዳ፣ ብቅል ማስጫ ደጅ፣ እንኩሮ ማንኮሪያ ማድቤት በፎቅ ላይ ማግኘት ያስቸግራል። የሕንፃዎቹ ዲዛይን ለእርድ፣ ለእንጀራ ጋገራና ለመሳሰለው ሥራ የጋራ መገልገያ ቤት ማካተቱ ችግሩ አስቀድሞ የታሰበበት መሆኑን ያሳያል። ሆኖም ለቀናት ጥበቃ የሚሻ ድፍድፍ ለተዘዋዋሪ ተጠቃሚዎች በታሰበ ክፍል ሊቀመጥ አይመችም። በዚህ ምክንያት የጠርሙስ መጠጥ የጠላን ቦታ ይይዛል።

ለውጡን እንደ ኪሳራ ብቻ መቁጠር ግን ስሕተት ነው። የጽዋው ተራ በባል ስም ቢጠራም ጥንስሱን የምትጥለው፣ ጋኑን የምታጥነው፣ ጠላውን የምታጠልለው ሴቲቱ ናት። ጠርሙሱ ይህን ሸክም ያቀልላታል። በሌላ በኩል ድካምን በገንዘብ ይተካል። የጠላ ጥራት ከጉሽ እስከ ቅራሪ ቢለያይም ዋጋው በማሰሮው ላይ አልተጻፈም፤ የጠርሙስ መጠጥ ዋጋ ግን በማንም ዘንድ የታወቀ ነው። እህልና ጉልበት ኖሮት ጥሬ ገንዘብ ያጠረው አባል ተራው ሲደርስ ይጨነቃል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ማኅበሩ የሚጸናው በጠላ ብቻ ነው የሚል አይደለም። የዙሩ እኩልነት የተመሠረተው እያንዳንዱ ቤት ከራሱ ጓዳ ሊያዋጣው በሚችለው ነገር ላይ መሆኑን ነው የሚያመለክተው። ጋኑ ከቤት ሲወጣ አባላቱ ሊወስኑት የሚገባው ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል፦ ድካሙ በሴቶች ላይ ሳይወድቅ፣ ወጪውም ድኻውን አባል ሳያርቅ፣ ጽዋው እንዴት ከቤት ወደ ቤት ይዘልቃል?