የቤተሰብ ትምህርት በማሳ ዳር

ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው የመቂንና የባቱን (ዝዋይን) የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ያያል፤ ከማሳው ጀርባ፣ በውኃ መሳቢያው ሞተር አጠገብ ጎጆ ቀልሶ የሚኖረውን ቤተሰብ ግን አያየውም። በዚያ ልጆች ከብት ያግዳሉ፤ ውኃ በቦይ ይመራሉ። ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ሩቅ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ ልጆችን የማስተማር ተቀዳሚ መብትና ግዴታ የወላጆች እንደሆነ አስተምረዋል። «እኛ ሳንማር እንዴት እናስተምራለን?» የሚሉን ወላጆች አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረ አባት እንኳ፣ በቁቤ የሚማረውን ልጁን ደብተር ማንበብ ይቸግረዋል። በዚህ አፍረው ደብተሩን መጠየቅ የተዉ አሉ፤ ልጁም ጠያቂ ሲያጣ ጥናቱን ይተዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ይህ ጉድለት ጎልቶ ታየ።

እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ማታ ከእራት በኋላ ልጁ የተማረውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ አባት አድምጦ ትርጉሙን ይጠይቅ። ለመጠየቅ ቁቤ ማወቅ አያሻም። እናትም የተሸጠውን ጆንያ ስትቆጥር ልጇ ሒሳቡን ይደምርላት። ማማተብንና «አባታችን ሆይ»ን ለማስተማርማ ደብተርም አያስፈልጋትም።

ካቴኪስቶች ሆይ፤ እሑድን ብቻ አትጠብቁ፤ ወደ ማሳው ውረዱ። ስትደርሱም ልጁን ከመፈተናችሁ በፊት ከወላጆቹ ጋር ተቀመጡ፤ ልጁም የዕለቱን ወንጌል ለእናንተ ሳይሆን ለእነርሱ ያንብብላቸው።